የብሩታዊት ስፍራ

ቄሰ ገበዝ ገብረ ኪዳን የጽድ አምባ ጊዮርጊስን ዕቃ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁ፣ ዕቃ ጎደለ የሚል ቃል በስማቸው ተነሥቶ አያውቅም ነበር። በዚህ ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ግን የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ከባድ ክስ አቀረበባቸው፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ብሩታዊትን ቈርጠው ሸጠዋል የሚል ነበር። እስከ መጪው እሑድ ድረስ ንጽሕናቸውን ካላስረዱ ከገበዝነታቸው ይሻራሉ፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ይሰጣል ተባለ።

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በታቦቱ ክብረ በዓል ዕለት ነው። ደብሩ ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አስፋልት አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አፋፍ ላይ ያለ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ የገባለት ባለፈው ጥር ነበር። በበዓሉ ዕለት አምፖሉ በርቶ የሥዕሉ መጋረጃ ሲገለጥ፣ ሽማግሌዎቹ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ነጩን ፈረስና ዘንዶውን አዩ፤ ከዘንዶው አፍ የዳነችውን፣ ዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተውን ብላቴና ብሩታዊትን ግን አጡ። ዛፉም ቢሆን በመጥረቢያ እንደ ተፈለጠ ግማሽ ግንዱ ብቻ ይታያል። በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን እዚያ እንደ ነበረች ግን ዕድሜው የገፋ ሁሉ ያስታውሳል።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ያርጋል፣ ቡይት ራስ በሚባለው ስፍራ ካሉት የቱሪስት ማረፊያ ሎጆች በአንዱ ይሠራል። ከዓመት በፊት አንድ እንግዳ ከገበያ ገዛሁት ብሎ በስልኩ ያሳየው የሥዕል ፎቶ ነበር፤ በጨርቅ ላይ የተሣለች፣ ዛፍ ላይ የተቀመጠች ብላቴና። ፎቶውን ተቀብሎ አስቀምጦት ስለ ነበር ለጉባኤው አሳየ፤ የእኛዋ ኦሪጅናል ይህችው ናት አለ። የቀረውን ጥርጣሬ ሰው በራሱ ሞላው። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጣራው ሲወድቅ በጨርቅ የተሣሉት ሥዕሎች ከግድግዳው ተላቀው፣ ተጠቅልለው፣ ሰባት ዓመት ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ከቄሰ ገበዝ እጅ አልወጣም። አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ፣ ከአራት ዓመት በፊት፣ ከጎንደር የመጣ አንድ ሠራተኛ በሦስት ቀን ለጥፏቸው ሄደ። አሁን መተማ ወርዷል ይባላል፤ ስልኩን የሚያውቅ የለም። በነዚያ ሦስት ቀናት ቄሰ ገበዝ ሕመምተኛ ባለቤታቸውን ይዘው ጎንደር ሐኪም ቤት ስለ ነበሩ፣ ሲለጠፍ አየሁ ሊሉ አይችሉም።

ምለው መዳን ይችሉ ነበር። በአገሩ ልማድ በታቦቱ ፊት የማለ ሰው ክሱ ይቀርለታል። ቄሰ ገበዝ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ምእመኑን አትማሉ ሲሉ ኖረው፣ በራሳቸው ሲመጣ ሊምሉ አልወደዱም። እምቢ ማለታቸው ነገሩን አባሰው።

ልጃቸው እሌኒ ደባርቅ ኮሌጅ ውስጥ መምህርነት ታጠና ነበርና፣ ሐሙስ ዕለት የሥዕል መምህሯን ሀብተ ሚካኤልን ከክፍል ሲወጣ ጠብቃ ሁሉንም አስረዳችው። ልታለቅስለት አልመጣችም፤ በትምህርቱ ላይ ደጋግሞ የሚለውን ይዛበት መጣች እንጂ። ሠዓሊ መስመርን፣ ቀለምንና ባዶ ቦታን ያለ ምክንያት አያኖርም፤ ስለዚህ ከሥዕል የጎደለ ነገር ቢኖር፣ የቀረው ስለ ጎደለው ይመሰክራል ይል ነበር።

«ይህ እውነት ከሆነ፣ መምህር፣ ለአባቴ ይመስክርላቸው» አለችው።

ሀብተ ሚካኤል ቃሉን በችኰላ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ሥዕሉን ሳያይ አንዳች ነገር እንደማይል ነገራት፤ ቅዳሜ በጠዋት ግን ከሚኒባስ ወርደው አብረው ወደ አፋፉ ወጡ። የያዘው አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ ደብተር ብቻ ነበር።

የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ተክለ ማርያም በመልካም ተቀበሉት። በመቅደሱ ምዕራባዊ ግድግዳ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል መጋረጃ ራሳቸው ገለጡለት። ከእርሱ ቀጥሎ እስከ ማእዘኑ ድረስ የተለጠፈው የምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን እንደ ታቀፈች የተሣለችበት ሥዕል ነው፤ የእርሷ መጋረጃ ግን ከቅዳሴ ሰዓት በቀር እንደማይገለጥ፣ ይህም የደብሩ ሥርዓት እንደ ሆነ ነገሩት። ሀብተ ሚካኤል አልተከራከረም። ጫማውን እንዳወለቀ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተመለከተ።

ዐይን በዚህ ሥዕል ላይ የሚሄድበት መንገድ የተቀየሰ ነበር። ከፈረሱ ጅራት ይነሣል፤ በጀርባው ላይ ወጥቶ ወደ ቅዱሱ ትከሻ ይደርሳል፤ ከዚያ ጦሩ ተቀብሎ ወደ ዘንዶው ጉሮሮ ያወርደዋል። ዘንዶው አያስቀረውም፤ ጅራቱን በዛፉ ግንድ ላይ ጠምጥሞ እንደገና ሽቅብ ይልከዋል። በዚያ ሽቅብ መንገድ ላይ ሳለ ሥዕሉ ያልቃል። ቅዱሱም የሚወጋውን ዘንዶ አያይም፤ ሁለቱም ዐይኖቹ ከዛፉ ወዲያ ወደሚገኝ አንድ ነገር ተመልሰዋል። በግራ፣ በላይና በታች ቀይና ቢጫ ሐረግ ሥዕሉን እንደ ቅጥር ይዞታል፤ በቀኝ ግን ሐረግ የለም፤ የግንዱ ግማሽ ከእመቤታችን መጋረጃ ሥር ይገባል።

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ማንም ያላስተዋለበት ምክንያት አልተሰወረውም። አሁን ባለበት ሁኔታ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዐይኑን ወደ እመቤታችን ያቀና ይመስላል። ሊሳለም ለሚመጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ቅንብር የለም፤ ስለዚህ ጉድለቱ ጉድለት መስሎ አልታየም።

ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዞረ። እዚያ በአንድ እጅ የተሣሉ ሦስት ፈረሰኞች አሉ፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ፣ ቅዱስ ቴዎድሮስና ቅዱስ ገላውዴዎስ። እሌኒ የሲባጎውን ጫፍ ይዛ፣ እርሱ ከሐረግ እስከ ሐረግ ዘረጋ፤ ሲባጎውን ለሁለት አጥፎ መካከሉን ፈለገ። በመርቆሬዎስ ሥዕል መካከሉ ፈረሱ ደረት ላይ በተንጠለጠለው የብር ጌጥ ላይ ወደቀ። በቴዎድሮስም እንዲሁ። በገላውዴዎስም እንዲሁ። ሠዓሊው ለፈረሱ ከኋላው የሰጠውን ያህል ስፍራ ከፊቱም ይሰጣል፤ ሕጉ ይህ ነበር። ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመልሰው ሲለኩ፣ ከግራው ሐረግ እስከ ደረቱ ጌጥ ሁለት ክንድ ተኩል ሆነ፤ ከጌጡ እስከ እመቤታችን መጋረጃ አንድ ክንድ ተኩል። የጎደለው አንድ ክንድ ነው። ሀብተ ሚካኤል በደብተሩ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ ቄሰ ገበዝን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ስለ ክሱ አልጠየቃቸውም። ወደ ጎንደር ከመሄዳቸው በፊት ለለጣፊው ምን ትእዛዝ እንደ ሰጡት ጠየቃቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ሥዕሎቹን ቈጥረው እንዳስረከቡት፣ ቅደም ተከተላቸውን እንዳሳዩት፣ አንድ ነገርም አጥብቀው እንዳዘዙት ነገሩት።

«በእመቤታችን ሥዕል ላይ የሌላ ጨርቅ ጠርዝ እንዳያርፍ ብዬው ነበር» አሉ። «ነውር ነው። የእርሷ ከሁሉ በላይ ይሁን አልሁት።»

«የአዲሱ መቅደስ ግድግዳ ከአሮጌው ያንሳል?»

«ያንሳል። አንድ ክንድ ያህል ያንሳል።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር እንደ ተረዱ ያውቁ ነበር። ግድግዳው አጠረበት፤ ለጣፊው ጨርቆቹን መደራረብ ግድ ሆነበት፤ በእመቤታችን ላይ ምንም እንዳይደርብ ታዟል፤ ስለዚህ የቅዱስ ጊዮርጊስን አስቀድሞ ለጥፎ የእርሷን በላዩ አሳረፈ። ብሩታዊት አልተቈረጠችም። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ናት።

ሀብተ ሚካኤል ይህን ሲናገር ቄሰ ገበዝ ደስ አላላቸውም። ለማስረዳት የእርሷን ሥዕል ማላቀቅ ያስፈልግ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ጠርዙን ብቻ አላቸው።

«እንግዲያውስ ይቅር» አሉ። «እኔ ልሻር እንጂ የእርሷ ሥዕል በእኔ ምክንያት አይነካም።»

እሌኒ ልትናገር ስትል አባቷ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ሀብተ ሚካኤል የዚያን ዕለት በክርክር አልገፋም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ፊት እንዲናገር ብቻ ፈቃዳቸውን ጠየቀ። መናገር አልከለክልም አሉት።

እሑድ ጉባኤው በቅድስቱ ውስጥ በሥዕሎቹ ፊት ቆመ። ሁለቱም መጋረጃዎች ተገልጠዋል። ሀብተ ሚካኤል የእመቤታችንን ሥዕል ያየው በቅዳሴው ሰዓት ብቻ፣ ያውም ከሩቅ ሲሆን፣ ሲናገር ግን ድምፁ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው የረጋ ነበር። በመጀመሪያ የያርጋልን ፎቶ አነሣ። በፎቶው ላይ የብላቴናዋ ፊት ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ስለዚህ የምታየው ፈረሰኛ ከቀኝ ወደ ግራ የሚገሠግሥ ነው። የእኛው ጊዮርጊስ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያቺ ብላቴና እዚህ ብትቀመጥ ላዳናት ቅዱስ ጀርባዋን ትሰጠው ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት፣ አለ፣ እነዚህን ፈረሶች የሣለ ሰው አይሠራም።

ያርጋል ፎቶውን ዐይኑ ድረስ አስጠግቶ አየው። ሐሰተኛ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚለቅም አልነበረም።

«እሺ፣ ያቺ አይደለችም እንበል» አለ። «የእኛዋስ የት ናት? ዛፉ በምላጭ የተቈረጠ መስሏል። መምህር፣ መስመርና ቀለም መስረቅን ያስቆማል እንዴ?»

ጥቂት ሰዎች ሣቁ። ሀብተ ሚካኤል አልሣቀም። ሲባጎውን አውጥቶ፣ እሌኒ ጫፉን ይዛለት፣ ሦስቱን ፈረሰኞች በጉባኤው ፊት እንደገና ለካ። ሦስት ጊዜ መካከሉ በደረቱ ጌጥ ላይ ሲወድቅ ሰዎቹ ወደ ፊት እየቀረቡ መጡ። ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ፤ ከግራው ሐረግ እስከ ጌጡ ያለውን ርዝመት ወስዶ ከጌጡ ወደ ቀኝ ዘረጋው። ጫፉ የእመቤታችንን ሥዕል ጠርዝ አልፎ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እጁ ጨርቁን አልነካም።

«ብሩታዊት ተቈርጣ ከሆነ» አለ፣ «ከዚህ ጨርቅ በስተኋላ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው፤ የእመቤታችንም ሥዕል ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ይሆናል። ካልተቈረጠች ግን የሥዕሏ ጠርዝ እዚህ፣ ሲባጎው በቆመበት፣ እንደ ልብስ ስፌት ከሥር ጎላ ብሎ ይታያል። አለቃ፣ መብራቱን ያጥፉልኝ።»

አለቃ ተክለ ማርያም አምፖሉን አጠፉ። ሀብተ ሚካኤል የእጅ ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ በጎን በኩል አበራ። ከፊት ለፊት ሲበራበት ልሙጥ የነበረው የእመቤታችን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ዘንግ የቀና ቀጭን ጥላ ወጣ። ሲባጎው ከቆመበት የራቀው ሁለት ጣት ብቻ ነበር።

አያ ገሠሠ የሚባሉ፣ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡ ገበሬ፣ ከኋላ ሆነው፣ «እኔ በጧፍ ብርሃን ሳየው የግድግዳው ስንጥቅ መስሎኝ አራት ዓመት ሙሉ ግንበኛውን ስረግም ኖሬያለሁ። አሁን ማንን ልርገም?» አሉ።

አለቃ ጠርዙ እንዲላቀቅ የቄሰ ገበዝን ፊት ተመለከቱ። ቄሰ ገበዝ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ ጥላው መታየቱ ለእርሳቸው ይበቃል፤ ለጉባኤው ካልበቃ ግን ይሻሯቸው አሉ። ያርጋል ጥላ ምስክር አይሆንም፣ የታጠፈ ጨርቅም ሊሆን ይችላል አለ። በዚህ ጊዜ ነበር ሀብተ ሚካኤል ቅዳሜ ያቆየውን የተናገረው።

«አባ፣ የእመቤታችንን ክብር ጠብቀዋል። ነገር ግን ይህን ሥዕል የሣለው አባት ብላቴናዋን ያለ ምክንያት እዚያ አላኖራትም። ቅዱሱ ዐይኑን የጣለው በእርሷ ላይ ነው። ዘንዶው የሚሞተው ስለ እርሷ ነው። እርሷ ከተሸፈነች ጦሩ ስለ ማን እንደ ተወረወረ የሚያውቅ የለም። እኛ ያዳነውን ብቻ እያየን የዳነችውን ሸሽገን ቆይተናል። እመቤታችን በዚህ የምትከብር ይመስልዎታል?»

ቄሰ ገበዝ ወደ ሥዕሉ ቀርበው ሰገዱ፤ ተነሥተውም ለአለቃ፣ «እርስዎ ያላቅቁት። የእኔ እጅ በክስ ላይ ያለ ነው» አሏቸው።

ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ ጠርዙ ላይ እየተያዘ፣ የዱቄት ሙጫው እስኪለሰልስ እየተጠበቀ፣ አለቃ በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ጨርቁን በጣት በጣት አነሡ። ሀብተ ሚካኤል ከአጠገባቸው ሆኖ መቼ እንዲያቆሙ፣ መቼ እንዲቀጥሉ ይነግራቸዋል። አንድ ጊዜ ከዛፉ ቅጠል ጥቂት አረንጓዴ ቀለም ከሙጫው ጋር ተነሣ፤ ሀብተ ሚካኤል ስንጥሩን በሰያፍ እንዲያስገቡ አሳያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ቀለም አልተነሣም። በመጀመሪያ የግንዱ ሌላ ግማሽ ታየ። ከዚያ ቀይ ቀሚስ። ከዚያ ወደ ላይ የተዘረጋች እጅ። በመጨረሻም ወደ ግራ የተመለሰ፣ ሁለት ትልልቅ ዐይኖች ያሉት የልጅ ፊት ወጣ፤ ከፊቱ በስተቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀዩና ቢጫው ሐረግ ሙሉ ሆኖ ቆሟል።

እሌኒ ከሴቶቹ በኩል ቆማ አባቷን እንጂ ሥዕሉን አላየችም። ሀብተ ሚካኤል ግን ሥዕሉን በጥንቃቄ መረመረ፤ አንድ የሳተው ነገር እንዳለም በጉባኤው ፊት ተናገረ። የብላቴናዋ ፊት ከቅዱሱ ዐይን አቅጣጫ ጋር ትክክል ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር፤ ፊቷ ግን አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። ቅዱሱ የሚያየው ፊቷን ሳይሆን የተዘረጋች እጇን ነው። ሠዓሊው ከእርሱ የተሻለ ያውቅ እንደ ነበር ተናገረ።

«አንድ ስንዝርማ ለሰውም ይፈቀዳል» አሉ አያ ገሠሠ።

ያርጋል ከዚያ ቄሰ ገበዝ ፊት ቀርቦ በጉልበቱ ወደቀ። ቄሰ ገበዝ በትከሻው ይዘው አነሡት፤ ዕቃ ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ለደብሩ እንደሚያስፈልግ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከመጠየቁ በፊት እንዳይፈርድ በዝግታ ነገሩት። ያርጋል አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው።

የቀረው የስፍራው ነገር ነበር። ብሩታዊት እንድትታይ ከተፈለገ ከሁለቱ ጨርቆች አንዱ መልቀቅ አለበት። ሀብተ ሚካኤል የእመቤታችን ሥዕል በማእዘኑ በኩል አንድ ክንድ የሚያህል አበባ ብቻ የተሣለበት ጠርዝ እንዳለው አሳያቸው፤ ጨርቁ ወደ ቀኝ ተስቦ ያ ጠርዝ ማእዘኑን ዞሮ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ቢያርፍ፣ ፊቷም ሆነ ልጇ አይነኩም፤ ሁለቱም ሥዕሎች ሙሉ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ይህን የሚያዝዝ መምህር ሳይሆን ገበዝ ነው አለ። አለቃም ቄሰ ገበዝ ከክሱ ነጻ መሆናቸውን አስታውቀው፣ ትእዛዙን ለእርሳቸው ተዉት።

ቄሰ ገበዝ ሁለቱን ሥዕሎች በየተራ ተመለከቱ።

«ትለቅላታለች» አሉ። «እናት ናት፤ ለልጅ ስፍራ ትለቃለች። ነገ ጠዋት እንጀምር።»

ያርጋል ቃለ ጉባኤውን ከፍቶ፣ ቄሰ ገበዝ ከተከሰሱበት ሁሉ ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል ብሎ ጻፈና ለጉባኤው አነበበ። ሁሉም ይሁን አለ። ቄሰ ገበዝ ብቻ ይጨመርበት አሉ። ምን እንደሚጨመር ጠየቃቸው።

«ሥዕሉ የተሸፈነው ገበዙ በሰጠው ትእዛዝ ነው ብለህ ጻፍ» አሉት።

ያርጋል ብዕሩን እንደ ያዘ አለቃን ተመለከተ። «አባ፣ ይህ እኮ ጥፋት አይደለም፤ ለክብሯ ብለው ያደረጉት ነው» አለ።

«አውቃለሁ። እንዲያውም ለክብሯ መሆኑንም ጻፍ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ገበዝ ሁለቱንም ያንብብ።»

ያርጋል ጻፈ። ሲጨርስ ደብተሩን ወደ እርሳቸው አዞረው፤ ቄሰ ገበዝም መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡና ፈረሙበት።